ለሙት ልጅ የተሰጠች ጊደር

ኡካ ገበያ መሃል በሞንታርቦ ስለ ክትባት ሳስታውቅ፣ ሰው ዘወር ብሎ የሚያየው እኔን ሳይሆን መኪናው ላይ የተሰቀለውን ድምፅ ማጉያ ነው። መልኬን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ድምፄን የማያውቅ የኢሉባቦር ሰው ካለ ግን ወይ ጆሮ የለውም፣ ወይ ሬድዮ የለውም። ይህን ስል ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ጉራ ነው። በልጅነቴ ተዋናይት ነበርኩ፣ ዛሬ በድምፄ እተዳደራለሁ። በሁለቱ መሃል አንዲት ጊደር አለች፤ ዘሮቿ ዛሬም ዳሪሙ ውስጥ ይግጣሉ።

የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም የሆነው ፊልም የተቀረፀው ሶር ፏፏቴ አጠገብ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በወላጆች ቀን መድረክ ላይ አሮጊት ሆኜ ስሠራ ያዩኝ አንድ መምህር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ካሜራ ተውሰው ፊልም ልሥራ ብለው ተነሡ። እኔ ከፏፏቴው ሥር ቆሜ የጠፋ ወንድሜን እጣራለሁ። ቀኑን ሙሉ ስጮኽ ዋልኩ። በማግስቱ ቀረጻው ሲታይ አፌ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የሚሰማው ግን ውሃው ብቻ ነው። ጋሼ ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። በኋላ አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ አስገብተው፣ ምስሉን እያየሁ ያንኑ ጩኸት እንደገና አስጮኹኝ። ስጨርስ ዓይናቸውን ጨፍነው አገኘኋቸው።

“አንቺ ልጅ መታየት የለብሽም፤ መሰማት ነው ያለብሽ” አሉኝ።

አስቀያሚ ነሽ ያሉኝ መስሎኝ አለቀስኩ። ልቅሶዬንም ቀዱት።

በዓመቱ ጋሼ በከተማችን በመቱ፣ በአንዲት ትንሽ ሬድዮ ጣቢያ የድራማ አዘጋጅ ሲሆኑ እኔንም ይዘውኝ ገቡ። ስቱዲዮ የምንለው ግድግዳው በእንቁላል መያዣ ካርቶን የተለበጠ፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ የተንጠለጠለበት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ክፍል ነው። የመቱን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ችግራችን ወዲያው ይገባዋል። ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ቀረጻው ይቆማል፤ እስኪያባራ በቆሎ እየጠበስን እንጠብቃለን። ክረምቱን እንዲህ እንደማንዘልቀው ሲያዩ ጋሼ አንድ ዘዴ አመጡ። ድርሰቱን ከለሱና ታሪኩ ሁሉ በዝናብ ውስጥ እንዲሆን አደረጉት። ከዚያ ወዲያ ቀረጻ የምናቋርጠው ፀሐይ ስትወጣ ሆነ።

የእኔ ድርሻ ወላጆቿ የሞቱባት፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ የምታድር የሙት ልጅ ነበር። ድራማው በአፋን ኦሮሞ ነው። አያቶቼ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ስለሆኑ ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው፤ እኛ ልጆቹ ግን ሁለቱን ቋንቋ ሳንለይ ነው ያደግነው። እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኔም ድምፄ ከሩቅ እንዲመጣ ፊቴን ጃኬት ውስጥ ቀብሬ፣ “እዚህ መቱ ነኝ፤ የሚወስደኝ የለም ወይ?” እላለሁ። ይህን ስል አፍንጫዬን አንዴ ሳብ ማድረግ የራሴ ፈጠራ ነበር።

እማ ነገሩን አልወደደችውም። ልብስ ሰፊ ናት። ደንበኛ በመጣ ቁጥር “የሙት ልጅሽ እንዴት ናት?” ይላታል። አንድ ቀን ጋሼን መንገድ ላይ አስቁማ፣ “በቁሜ ቀበሩኝ እኮ ጋሼ! ሟርት ነው ይሄ። ሌላ ነገር ያድርጓት፤ ሌባም ትሁን” አለቻቸው። ጋሼ ሳቁ እንጂ አልቀየሩትም።

አንድ ቅዳሜ ቀረጻ ላይ ሳለን የጣቢያው ዘበኛ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ፣ “ልጅቷን ሊወስዱ መጥተዋል” አለ።

በረንዳው ላይ ባልና ሚስት ቆመዋል። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ከዳሪሙ ገጠር ነው የመጡት፤ ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና። ጠዋቱን ሙሉ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሲፈልጉኝ ቆይተው፣ ወደ ጣቢያው የመሯቸው የወፍጮ ቤቱ ሰዎች ናቸው። ሴትዮዋ ቅቤ የሞላ ቅልና አንድ አዲስ ቀሚስ ይዛለች። ልጅ የላቸውም። የሙት ልጅዋን በጉዲፈቻ ሊያሳድጉ ሽማግሌ ፊት ተነጋግረው፣ መንደሩ መርቆ ነው የሸኛቸው። በእነሱ ዘንድ የሌላ ሰው ልጅ ወስዶ ማሳደግ ቀልድ አይደለም። አንድ ጊዜ ልጄ ነሽ ካሉሽ ልጅ ነሽ፤ የሥጋ ልጅ ያለው ነገር ሁሉ ይኖርሻል።

ጋሼ ድራማ መሆኑን፣ ድርሰት መሆኑን፣ ልጅቷ ወላጅ እንዳላት ሊያስረዱ ሞከሩ። ሴትዮዋ አልተቀበለችም። “በጆሮዬ ሰምቻታለሁ እኮ” ትላለች ደጋግማ። ጋሼ ጨነቃቸውና፣ “ማስመሰል መሆኑን እንድታይ ያቺን ቃል በያት እስቲ” አሉኝ። እኔም ታዛዥ ነኝ፤ ፊቴን ጃኬቴ ውስጥ ቀብሬ፣ “የሚወስደኝ የለም ወይ?” አልኩ። እንደዚያ ያለ የማይረባ ምክር ሰምቼ አላውቅም። ሴትዮዋ ዘላ አቀፈችኝ፤ ባልየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እማ ተጠርታ መጣች፤ የልብስ ሜትሩን እንኳ ከአንገቷ አላወረደችም። ሴትዮዋ እኔን አየች፣ እናቴን አየች፤ ያን ጊዜ ገባት። እጆቿን ከትከሻዬ አነሣች። ቀሚሱን መልሳ ልታጥፈው ሞከረች። ሰው እንደዚያ ሲያፍር አይቼ አላውቅም፤ ልቤ ተነካ፤ ያሞኘኋት እኔ ነበርኩና። እማ ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ፣ ቀሚሱን ከሴትዮዋ እጅ ተቀብላ እኔ ላይ ለካችው።

“ወገቡ ሰፍቷታል፤ አጠበዋለሁ” አለች በአፋን ኦሮሞ። ቀጥላም፣ “ለመውሰድ ከሆነ አልሰጥም፤ በሕይወት አለሁ። ለመካፈል ከሆነ ግን ትምህርት ሲዘጋ ትመጣላችኋለች” አለች።

እንዲህ ሁለት እናት ኖረኝ። የመቱዋን እማ፣ የዳሪሙዋን አዮ እላለሁ። በመጀመሪያው ክረምት አዮ ከበረቱ አንዲት ግንባረ ነጭ ቀይ ጊደር አሳየችኝና፣ “ሀንዱራሽ ናት” አለችኝ። ሀንዱራ እትብት ማለት ነው፤ ወላጅ ለልጁ ብሎ የሚሰጠው ከብትም በዚያው ስም ይጠራል። ከብት የነበራት የክፍላችን ልጅ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ትምህርት ቤት ስመለስ ልጆቹን አላስቀምጥ አልኳቸው።

ድራማው የሚተላለፍበት ሰዓት ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ አዮ ቤት ይሰበሰባል። አስቀድሞ የተቀዳ ነውና ሬድዮዋ ውስጥ እኔ በዝናብ እየበሰበስኩ አለቅሳለሁ፤ እዚህ ደግሞ እኔው አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ማር እልሳለሁ። “ምስኪን!” እያሉ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። አብልጣ የምታለቅሰው አዮ ናት። እጇ ጭንቅላቴ ላይ ነው፣ ጆሮዋ ሬድዮው ላይ። ያኔ አንዳንዴ፣ የምትወደው ማንን ነው? እያልኩ አስባለሁ። ማሩ ጣፋጭ ስለነበር ብዙ አልቆየሁበትም።

አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ ጋሼ ከማይክሮፎኑ ፊት አስነሡኝ። “ድምፅሽ ኮረዳ ሆነ” አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ ዛሬ እኔም ልጆችን ድምፅ ሳለማምድ የምለው ይህንኑ ነው። በሃያ ዓመቴ ተመልሼ የእናቶችን ድርሻ ሠርቻለሁ፤ ከዚያም ማስታወቂያው፣ ትረካው፣ የጤና መልእክቱ ተከታተለ። ያን ዕለት ግን የታየኝ ይህ ሁሉ አይደለም። ቦታዬን የስምንት ዓመት ልጅ ያዘች። ጎበዝ ናት፤ ይህም አናደደኝ። ከሁሉ የከፋው ግን የአዮ ነገር ነው። እሷ ጭቃ ረግጣ የመጣችው ያንን ድምፅ ብላ ነው፤ ድምፁ ደግሞ አሁን የሌላ ልጅ ነው። ጊደሯም የተሰጠችው ለሙት ልጅዋ እንጂ ለእኔ አልነበረም። የሰው ንብረት ይዤ የተቀመጥኩ ያህል አፈርኩ።

ክረምት ገባ፤ ጥናት አለብኝ ብዬ ዳሪሙ ሳልሄድ ቀረሁ። የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት መጣ፤ አሞኛል ብዬ ላክሁ። እማ ፊት ሁለት ቀን ሳልኩ። ተዋናይት አይደለሁ? እማ ግን ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሣ፣ “ሳልሽ ስትበዪ ይተውሻል” አለች።

በሳምንቱ አዮ ራሷ መጣች። ብቻዋን፣ ያንኑ ቅል ይዛ። ግንባሬን ዳሰሰችው፤ ትኩሳት የለም።

“ላምሽ ወልዳለች” አለችኝ። “ሴት ጥጃ ናት። ባለቤቷ ትምጣ ብለን፣ ሁለት ወር ሙሉ ስም ሳናወጣላት ጠበቅንሽ።”

ያን ጊዜ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት። ሬድዮው ላይ የምትሰሚያት እኔ አይደለሁም፤ ሌላ ልጅ ናት፤ ላሟም ለእኔ አልተሰጠችም፤ ትመለስ አልኩ። እማ የስፌት መኪናዋን አቆመች። አዮ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

“አውቃለሁ” አለች። “የመጀመሪያ ቀን ነው የለየኋት። ያቺ ስታለቅስ አፍንጫዋን አትስብም። ቢሆንስ? ሀንዱራ ይመለሳል እንዴ? እትብት ከተቆረጠ ወዲያ ማን መልሶ ይቀጥለዋል?” ቀጥላ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አዲሷ ልጅ እናት አላት?”

እማ በከንፈሯ የያዘቻቸውን መርፌዎች ሳታወጣ በአፍንጫዋ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

“አላት!” ብዬ ጮኽኩ። “እናትም አባትም አላት፤ አያትም አላት፤ ምንም የሚጎድላት ነገር የለም!”

የልጅቷን ቤት እንኳ አላውቀውም ነበር። አዮ ለአፍታ አየችኝና ቅሉን ለእማ አቀበለች።

“እንግዲያው ኮቱ” አለችኝ፤ ነይ ማለቷ ነው። “ጥጃዋ ትጠብቅሻለች።”

አሞኛል ማለቴን ረስቼ ጫማዬን ፍለጋ ሮጥኩ።