የእሁድ ውሃ

አያ ናሂኑን በዋይአኮ ሸለቆ ውስጥ የሚወደው ሰው አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ እጠላው ነበር። የውሃ አባታችን ነው። ከወንዙ ተጠልፎ በጎደሬ ማሳዎቻችን መሃል የሚወርደውን ቦይ የሚጠብቀው፣ የማንን ማሳ መቼ እንደሚያጠጣ የሚወስነው እሱ ነበር። ሥራውን ከአባቱ ወረሰ፣ አባቱም ከአያቱ። ጎደሬ ቀዝቃዛ ውሃ ሥሩን እየነካ ካልሄደለት ይበሰብሳል። ጎደሬ ከሌለ ደግሞ ቀቅለን፣ ወቅጠን የምናቦካው ፖይ የለም፤ ፖይ በሌለበት ቤት ዓሣ ቢትረፈረፍም ሰው በላሁ አይልም። ስለዚህ የሸለቆው ሰው ሁሉ ናሂኑን በሆዱ እየረገመ በአፉ "እንዴት አደርክ አያ" ይለዋል።

ሕጉ አንድ ነበር። በዓመት አንድ ቀን፣ ጎርፉ ሲያልፍ፣ ሁሉም ወጥቶ ቦዩን ይጠርጋል። ጭቃ ውስጥ ገብቶ የዋለ ሰው ሲጨርስ ከወንዙ አንድ ጠጠር አንስቶ በቦዩ አፍ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያኖራል። የአንድ ቤት ውሃ በጠጠሩ ልክ ነው። አለቃ የለ፣ ዘመድ የለ፣ ሽማግሌ የለ፤ ያልቆፈረ አይጠጣም። የቆፈረ ግን ከየትም ይምጣ የቦዩ ሰው ነው። አብሮን ይበላል፣ ውሃም ይደርሰዋል።

ባሌን ባሕር የበላው ዓመት የሦስት ወር ልጄን አዝዬ ብቻዬን ወጣሁ። ማሳዬ የመጨረሻው ነው፣ የቦዩ ጭራ ላይ። ቀኑን ሙሉ ስቆፍር ውዬ ጠጠሬን አኖርኩ።

"አያ፣ የባሌንም ቁጠርልኝ። አምና አብሮህ ቆፍሮ የለም ወይ?" አልኩት።

"ስንት እጅ ነው ያለሽ?"

"ሁለት።"

"እንግዲያው አንድ ጠጠር ነው።"

ጥርሴን ነክሼ ወረድኩ። ያን ዓመት የማሳዬን ግማሽ ሣር በላው። ጠጠሬን ባኖርኩ ማግስት የናሂኑ ሚስት በቅጠል የተጠቀለለ ዓሣ ይዛ መጥታ ነበር። እሱ እንደላካት አውቄ ከነቅጠሉ መለስኩባት።

ሚስተር ክራንዴል የሚባለው ሰው አሜሪካዊ ነው። አባቱ ወንጌል ይዞ ወደ ደሴታችን መጣ፤ ፊደል አስቆጥሮን፣ ልብስ አልብሶን፣ እሁድ መሥራት ኃጢአት ነው ብሎ አስተምሮን ሞተ። ልጁ ወንጌሉን ለአባቱ ትቶ መሬቱን ያዘ። ከሸለቆው በላይ ያለውን ደረቅ ሜዳ በኪራይ እየጠቀለለ ሸንኮራ አገዳ ተከለበት። ሸንኮራ ደግሞ ጠጥቶ የሚረካ ነገር አይደለም። እሱና መሰሎቹ ከመርከብ ወታደር አስወርደው ንግሥታችንን ከዙፋኗ ያነሷት ለምን ይመስላችኋል? ስኳራቸው ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባላቸው ነው። የቀረውን ወሬ ለልጆቻቸው ያውሩላቸው። አሜሪካ አትዋጠን ብለን አቤት ስንል ከሃያ ሺህ በላይ ሰው ስሙን ጻፈ፤ የእኛን ሸለቆ ቤት ለቤት ዞሮ ያስፈረመው ናሂኑ ነበር። ወረቀቱ ባሕር ተሻግሮ ሄደ። በዓመቱ ባንዲራችን ወረደ፣ የነሱ ወጣ።

ክራንዴል ዓይኑን በጨው አጥቦ ወደ ናሂኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ሞኬን አስከትሎ። ሞኬ አስተርጓሚው ነው። የእኛው ልጅ ነው፣ ያደገውም በእኛው ፖይ ነው፤ ግን ያንን ጠንካራ ኮሌታ ካደረገ ወዲህ አንገቱን ወደ እኛ ማዞር አቅቶት ነበር።

"ውሃውን በስንት ትሸጥልኛለህ ይላል ሚስተር ክራንዴል" አለ ሞኬ።

"ውሃ ይሸጣል እንዴ? ዝናቡን ከማን ሊገዛ ነው በለው።"

"ታዲያ በምን ይገኛል ይላል።"

ናሂኑ ሕጉን ነገረው። ኩራቱ ነበርና ከጠጠሩ እስከ ድንጋዩ አንድም ሳያስቀር ነገረው። "እጁን ጭቃ ውስጥ የከተተ ይጠጣል በለው። ነጭ ይሁን ጥቁር አልጠይቅም። አባቱ እዚህ ሠላሳ ዓመት ሲሰብከን አንድ ቀን እንኳ አካፋ ሲይዝ አላየሁትም፤ ይኼንንም ንገረው።" ሞኬ የመጨረሻውን ዋጠው፤ የመጀመሪያውን ግን ከኪሱ ደብተር አውጥቶ ጻፈው። ክራንዴል ፈገግ ብሎ የናሂኑን እጅ ጨበጠ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ያን ቀን ባስታውሰው ኖሮ ደብተሩን ከሞኬ እጅ ነጥቄ ቦዩ ውስጥ እጥለው ነበር።

የመጥረጊያው ቀን ደረሰ። እኛ ሠላሳ ስድስት ነበርን። ገና ልብሳችንን ሰብስበን ጭቃው ውስጥ ሳንገባ ከላይ የፈረስ ኮቴ ሰማን። ሁለት ፈረሰኛ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ መሃል ላይ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ጃፓኖች፣ የሸንኮራው የኮንትራት ሠራተኞች። አዳዲስ የብረት አካፋ ተሸክመዋል፤ በየአንገታቸው ቁጥር የታተመበት ቆርቆሮ ተንጠልጥሏል። እኛ ከጠዋት እስከ ማታ የምንለፋበትን ቦይ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ጠርገው ጨረሱት።

እኛስ ምን አደረግን? አበላናቸዋ! ጭቃ ውስጥ የገባ ሰው በሕጋችን እንግዳ አይደለም። እኔው በገዛ እጄ ፖይ አቀረብኩላቸው። አንዱ ሽማግሌ ቀምሶ ፊቱ ሲኮማተር ሳቅንበት፣ እሱም አብሮን ሳቀ። ከዚያ ፈረሰኛው አለንጋውን ወደ ወንዙ ቀሰረና ሁሉም ተሰልፈው አንድ አንድ ጠጠር እያነሱ በድንጋዩ ላይ አኖሩ። ጠጠሩ ከድንጋዩ ተርፎ መሬት ላይ ሲፈስ ነው የተደረገብን ነገር የገባን።

"አያ፣ ወደ ወንዙ ጥረጋቸው!" ብዬ ጮህኩ።

"ቆፍረዋል" አለ ናሂኑ።

"በአለንጋ ተነድተው ነው የቆፈሩት!"

"እጃቸው ጭቃ ነክቷል፣ ሐሊያካ። አንቺም አብልተሻቸዋል።"

ተንበርክኮ አንድ በአንድ ሲቆጥራቸው ክራንዴል ሞኬን አስከትሎ በፈረሱ ደረሰ። ናሂኑ ቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ ጉልበቱን እያሻሸ ተነሳና ፈረሱ ላይ ወደተቀመጠው ክራንዴል ዞረ።

"ውሃው የእነዚህ ሰዎች ነው። መጥተው ይትከሉ፣ ለእያንዳንዳቸው በየተራቸው እከፍትላቸዋለሁ። ያንተ ጠጠር ግን የታለ?"

ሰው በሳቅ ፈረሰ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ደረቅ ሽማግሌ ወደድኩት። ክራንዴል ከፈረሱ ሳይወርድ የሆነ ነገር አጉተመተመ፤ ሞኬ ተረጎመው።

"እነዚህ ሁሉ የእኔ እጆች ናቸው ይላል።"

"ይኼን ሁሉ እጅ ይዞ ነው ፈረስ ላይ በሰው ድጋፍ የሚወጣው?" አልኩ። ሞኬ ይኼንንም አልተረጎመም።

ክራንዴል ውሃው ይገባኛል ብሎ ከሰሰን። ዳኛው የሚስቱ ወንድም ነበር። በቀጠሮው ቀን ወደ ከተማ ስንወርድ ልጄን እየጎተትኩ ከናሂኑ ጎን ጎን ሄድኩ።

"አያ፣ አንዲት ቃል ብቻ ነው የምለምንህ። አልቆጠርኩም በል። አንተ ካልቆጠርክ ጠጠሩ ጠጠር ነው፣ ምንም ሊያደርጉት አይችሉም።"

"መጽሐፍ ቅዱስ ያስይዙኛል።"

"መጽሐፉን ማን አመጣው? የእሱ አባት አይደለም? እነሱ ይዘውት ሲዋሹ መች ተቃጠሉ!"

"እኔ እነሱን አይደለሁም።"

"እሺ ይህቺ ልጅ ምን ትብላ?"

ልጄን አያትና እርምጃውን አፈጠነ።

ዳኛው ፊት መጽሐፉን ያዘ። ስንት ጠጠር ነበር ተባለ፤ "ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት" አለ። ከዚያ ውስጥ የክራንዴል ኩባንያ ድርሻ ስንት ነው ተባለ። "የኩባንያው አንድም የለም። የሠራተኞቹ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ነው" አለ። ዳኛው ቁጥሩን አስጽፎ የቀረውን አለፈው። ደሞዝ የሚከፈለው እጅ የከፋዩ እጅ ነው፣ ሕጉም የራሳችሁ ሕግ ነው ብሎ ፈረደ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ እነሱ ጋ ነበር፣ ሞኙ እኛ ጋ።

ከሰባት እጅ ስድስቱ ለሸንኮራው፣ አንዱ ለእኛ ሆነ። ከሳምንት አንድ ቀን ማለት ነው። የትኛው ቀን አትሉም? እሁድ! የስኳር ፋብሪካው እሁድ አይሠራማ። አባትየው እሁድ አትሥሩ ብሎ አስተማረን፣ ልጅየው እሁድን ብቻ ሰጠን። ከጸሎት መሃል እየሾለክን ወደ ማሳችን ስንሮጥ ሰባኪው ደግሞ ሰንበት ሻሪዎች ብሎ ይገስጸን ነበር። ሳቅ ቢመጣባችሁ አልፈርድባችሁም፤ እኛንም አንዳንዴ ያስቀን ነበር።

በቦዩ አፍ ላይ የብረት መዝጊያና ቁልፍ አደረጉበት። ክራንዴል "በዚህ ሸለቆ የማምነው አንድ ሰው ብቻ ነው" ብሎ መክፈቻውን ለናሂኑ ላከለት። ናሂኑም ተቀበለ። "እኔ እምቢ ብል የነሱን ዘበኛ ያቆሙብናል" አለን። እሁድ ሊነጋጋ ሲል ይከፍታል፣ ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ይዘጋል። ደቂቃ አይጨምርም፣ ደቂቃ አይቀንስም።

የቦዩ ጭራ ላይ ያለሁት እኔ ነኝና የእኔ ማሳ ቀድሞ ታመመ። የቆመ ውሃ ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል፤ ጎደሬውን ነቅዬ ስጫነው ጣቴ ዘልቆ ይገባ ነበር። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ስኳር ድንች ሰልችቷት ሳህኑን ትገፋለች። አንድ ማክሰኞ ወደ ናሂኑ ወጣሁ።

"አንድ ሰዓት ብቻ ክፈትልኝ። የሚያይ የለም።"

"የእኛ እሁድ ነው።"

"አያ፣ ማሳዬ እየሞተ ነው!"

"ሕጉን ከጣስኩ እኛና እነሱ በምን እንለያለን?"

"እነሱ ውሃ አላቸው! በዚያ ነው የምንለየው።"

ባዶ እጄን ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፈረሰኞቹ ምሳቸውን ሲበሉ፣ የባሌን የብረት መቆፈሪያ ይዤ ወጣሁ። ናሂኑ መዝጊያው አጠገብ ተቀምጧል።

"ማክሰኞ ነው" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩትና ቁልፉን መምታት ጀመርኩ።

አልተነሳም፣ አልከለከለኝም፣ አልረዳኝምም። መታሁ፣ መታሁ፣ መዳፌ ተላጠ፤ ቁልፉ ንቅንቅ አላለም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተነፈሰና "ከላይ ምን ያደርግልሻል፤ ከጎን ምቺው" አለኝ። ከጎን ስመታው ተሰበረ። ውሃው እየደነፋ ወረደ። እስኪመሽ ድረስ ማሳዬ ጠጣ፤ የሸለቆው ማሳ ሁሉ ጠጣ፤ ልጄ ቦዩ ውስጥ ገብታ ስትንቦራጨቅ ዋለች።

በማግስቱ ፖሊሶች ከሞኬ ጋር መጥተው ሰዉን ሁሉ ሰበሰቡ።

"ቁልፉን ማን ሰበረው?" አለ ሞኬ።

ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሻችሁም። የተላጠ እጄን ቀሚሴ ውስጥ ደብቄ፣ ስለ ልጄ ብዬ ከሰው ኋላ ቆምኩ።

"እኔ ነኝ" አለ ናሂኑ።

ሞኬ ክው አለ። "አንተ? አያ፣ አንተ?"

"ምነው፣ ውሸት ስናገር ሰምተኸኝ ታውቃለህ?"

ሞኬ አንገቱን ደፋ። ናሂኑ ዳኛው ፊትም መጽሐፉን ይዞ ያንኑ ደገመው፤ ማንም አልተጠራጠረም። የስድሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ስድስት ወር መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ እንዲፈልጥ ተፈረደበት። አራተኛውን ወር አልጨረሰም። እኔም ብቻውን ሲወሰድ ቆሜ አየሁ፤ ማሳዬም ከእሱ ኋላ ብዙም አልቆየም፣ ዛሬ ሸንኮራ ነው።

ሰዎች ስለ እሱ ሳወራ ለምን ትቆጫለሽ ይሉኛል። ታዲያ ምን ልሁን? ያቺን አንዲት ውሸት በፊተኛው ችሎት ቢዋሻት ኖሮ ሸለቆው እስከ ዛሬ ይጠጣ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ለሕዝቡ የነፈገውን ለእኔ ለአንዲት ሴት ሰጠ፤ እኔም ዝም ብዬ ተቀበልኩት።

ሬሳውን ሲያመጡት ሰው ሁሉ አለቀሰ። እጆቹን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ለምን ያኔ አልዋሸህም፣ አንተ ደረቅ፣ ለምን ያኔ አልዋሸህም እያልኩ፣ አጥቤ እስክጨርስ ድረስ ሰደብኩት። ሚስቱ ዝም በይ አላለችኝም።