ማህሌት ያልተቀመጠችበት ቅዳሜ

ንጋት፣ ሬክስዴል

ገና አልነጋም። ወንድሜ ደረጀ ከሚነዳው የኤርፖርት ታክሲ መስታወት ላይ በረዶ እየፋቀ ነው። እኔ በአንድ እጄ ቡና፣ በሌላው የማህሌትን ጥቁር ጃኬት ይዤ እንቀጠቀጣለሁ። ማህሌት የደረጀ ልጅ ናት፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ዛሬ አንድ የአየርላንዶች ማኅበር ያዘጋጀው የንግግር ውድድር አለባት። ተወዳዳሪው አንድ የድሮ የፓርላማ ሰው ሆኖ ይናገራል፤ ዳኛው ደግሞ እንደ ተቃዋሚ እየተነሳ ያቋርጠዋል። አንደኛ የወጣ ደብሊን ይላካል። ለማህሌት የደረሳት ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት በለንደን ፓርላማ የነበረ አየርላንዳዊ ነው። ስሙ ለአፌ አልመች ስላለኝ እኔ «ሰውዬው» ነው የምለው።

«አክስቴ፣ ኢማጂን አድርጊ» አለችኝ መኪናው ሲንቀሳቀስ። «የገበሬ ልጅ ነው። ለንደን ሲገባ በአክሰንቱ ሳቁበት። እሱ ግን ስለ ጭሰኞቹ መሬት መናገር አላቆመም። አንድ ቀን ጋርዶቹ ጎትተው አስወጡት።»

«ከዚያስ?»

«ተመልሶ መጣና ያቋረጡትን ሴንተንስ ከቆመበት ቀጠለ!»

ደረጀ በመስታወቱ አያትና ሳቀ። «ይሄስ የኛ አገር ሰው ነው።»

ረፋድ፣ መሀል ከተማ

ጋርዲነር አውራ ጎዳና ላይ ሐይቁ በስተቀኝ እንደ እርሳስ ከብዶ ተኝቷል። የረጅሙን ማማ ጫፍ ደመና ውጦታል። የጂፒኤሷ ሴትዮ «ወደ ግራ» ስትል ደረጀ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ታክሲ ነጂን መንገድ ማስተማር ከንቱ ድካም ነው። ማጣሪያው የሚካሄድበት የትምህርት ቤት አዳራሽ ወለል ሰም ይሸታል።

ማህሌት ስትጀምር ኮራሁ። ድምፅዋ ጥርት ያለ፣ አንገቷ ቀና ያለ። ዳኛው ግን ፀጉራቸው የነጣ፣ ቅንድባቸው የተንዠረገገ ሽማግሌ ናቸው። ብድግ ብለው በእንግሊዝኛ «ተቀመጥ! ይህን ሰምተነዋል!» ብለው ጮኹ።

ልጄ ተቀመጠች።

ደረጀ ቤት ሽማግሌ ሲናገር ልጅ ዝም ይላል፤ ተቀመጥ ሲባል ይቀመጣል። እሷም ያደገችበትን አደረገች። እጇን አጣምራ፣ ዓይኗን ወለሉ ላይ ጥላ ሽማግሌው እስኪጨርሱ ትጠብቃለች። እሳቸው ደግሞ እሷ ተነስታ እስክትመልስላቸው ይጠብቃሉ። እንዲሁ እንደተጠባበቁ ሰዓቱ አለቀ። አጀማመሯ ስላማረ ብቻ ከአራቱ አላፊዎች መጨረሻ ሆና ከሰዓት በኋላ ለሚደረገው ፍጻሜ አለፈች።

«አባዬ፣ ሆን ብዬ አይደለም። እግሬ ራሱ ተቀመጠ» አለች ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ልቤ አዘነላት፤ በዚህ እግር ደብሊን እንደማይደረስ ሦስታችንም እናውቃለን።

ቀትር፣ ዳንፎርዝ

ጾም ነው፤ ሐበሻ ምግብ ቤት ገብተን በየአይነቱ አዘዝን። ምስሩ ያቃጥላል፣ ጎመኑ ለስልሷል፣ ሱፍ ፍትፍቱ ቀዝቃዛ ነው። ማህሌት አልበላ አለች። ከጎናችን ያለው ጠረጴዛ የጋሽ ተካ ነው። ጋሽ ተካ ደሴ ጠበቃ ነበሩ፤ እዚህ ቤት ሳይመጡ የሚያልፍ ቅዳሜ የላቸውም። ወሬያችንን ሰምተው ወንበራቸውን አስጠጉ።

«እስቲ ንግግሩን አሰሚኝ።»

ጀመረች። ገና ሁለት ዐረፍተ ነገር ሳትጨርስ «በቃ፣ በቃ!» አሏት። ወዲያው ዝም አለች።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«እርስዎ እየተናገሩ ነዋ... ሩድ መሆን አልፈልግም።»

«ጎሽ፣ አባትሽ አሳድጎሻል። ግን ሰውዬው እዚያ የቆመው ለራሱ ነው?»

«አይ፣ ለገበሬዎቹ።»

«እንግዲያው አደራ ይዟል። እኔም የሰው አደራ ይዤ ችሎት ፊት ስቆም ዳኛው ይቆጡኝ ነበር። ዝቅ ብዬ እጅ እነሳና ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። አክብሮቱም አይቀር፣ ነገሩም አይቀር።»

ማህሌት አሰበች፤ አሰበችና እንጀራውን ቆረሰች። ሂሳቡን ጋሽ ተካ እኔ ነኝ የምከፍለው ብለው ከደረጀ ጋር ግብግብ ገጠሙ፤ ረቱ።

ከሰዓት በኋላ፣ ስካርቦሮ

ወደ ምሥራቅ ስንነዳ ፎቆቹ እየተራራቁ ሄዱ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሰዎች ለነፋሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ፍጻሜው የሚካሄድበት የኮሌጅ አዳራሽ ጢም ብሏል። ዳኛው ያው ባለ ቅንድቡ ሽማግሌ ናቸው።

ማህሌት የመረጠችው፣ ሰውዬው ምርጫውን ሊሸነፍ መሆኑን እያወቀ ያደረገውን የመጨረሻ ንግግር ነው። መሬቱ ለገበሬዎቹ ተመልሷል፤ ወጣቶቹ ግን ለዘብተኛ ነው ብለው ፊታቸውን አዙረውበታል። መሀሉ ላይ ስትደርስ ዳኛው ተነሱ።

«ተቀመጥ! ዘመንህ አልፏል!»

ጉልበቷ ሲታጠፍ አየሁ። ደረጀ እጄን ጨመቀው። ጉልበቷ ግን ወንበሩን አልፈለገም፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። ቀና ስትል «ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ አልጨረስኩም» አለችና ካቆመችበት ቃል ቀጠለች። እንደገና ጮኹባት። እንደገና እጅ ነሳች፤ ቀጠለች። በሦስተኛው ሽማግሌው አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀድማ እጅ ስትነሳ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸውም ሳቁ፤ ዝቅ ብለው መልሰው እጅ ነሱና ተቀመጡ።

«የመጣሁት ለመሬቱ ነበር» ብላ ዘጋች። «መሬቱ ለባለቤቱ ደርሷል። አሁን ወንበሩን ውሰዱት።»

እኔ አልቻልኩም፤ እልልታዬን አቀለጥኩት። ፈረንጆቹ ደንግጠው ዞሩ፤ ከዚያ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ውጤቱ ሲነበብ የማህሌት ስም አንደኛ ነበር። ደረጀ፣ ያ ፊቱ የማይፈታ ወንድሜ፣ በሰው ፊት አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርም።

ምሽት፣ ወደ ሬክስዴል

አውራ ጎዳናው የመኪኖች የኋላ ቀይ መብራት ብቻ ነው። ዋንጫው እኔ ጭን ላይ፣ ማህሌት ከኋላ ሆና ሰውዬው ተሸንፎ አገሩ ሲመለስ ምን እንደሆነ ትተርካለች፤ ባቡር ጣቢያው ላይ የጠበቁት እነዚያ መሬት ያገኙት ገበሬዎች ብቻ ናቸው። ደረጀ ልማዱ ነውና መሀል ገባ።

«ጥሩ፣ አሁን ደግሞ ስለ ዩኒቨርሲቲው፣ ስለ ኢንጂነሪንጉ እናውራ። አፕላይ የምታደርጊው መቼ...»

ማህሌት ከኋላ ወንበር፣ ቀበቶዋ የፈቀደላትን ያህል ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

«ይቅርታ አባዬ፣ አልጨረስኩም።»

ደረጀ በመስታወቱ አያት። ከዚያ እጁን ሰደደና ሬዲዮውን ዘጋ። እስከ ሬክስዴል ድረስ እሷ ተናገረች፤ እኛ ሰማን።