ያልደረቀው ግድግዳ

ቤት ሠርተው ለማከራየት ያሰቡ ጀማሪዎች ምክር ሲጠይቁኝ ምላሴ ይፈጥናል። ቆጣሪው ለየብቻ ይሁን፣ የመጸዳጃውን ጉድጓድ ከግድግዳው አርቁ፣ ተከራዩ ዘመድ ቢሆንም ውሉን በጽሑፍ አድርጉ እላለሁ፣ በአንድ ትንፋሽ። ይህን ማንም ይነግራቸዋል። እኔን መቀመጫ ያሳጣኝ ነገር ግን ሌላ ነው።

ደብረ ብርሃን ካለው ግቢዬ ጓሮ ሁለት የጭቃ ክፍሎች የሠራሁት ባለቤቴ ባረፈች በዓመቱ ነው። አርፌ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ቤቱ ጭር ሲልብኝ ግቢውን እዞራለሁ፣ ግቢው ሲጠበኝ ገበያ እወጣለሁ፣ ገበያ ስደርስ ምን ልገዛ እንደመጣሁ ይጠፋኛል። በር ሲከፈትና ሲዘጋ መስማት አማረኝ። ኪራዩ ሰበብ ነው ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል፤ የመምህር ጡረታ ወር አያደርስም።

ጭቃውን የመረጉልኝ ከጎረቤላ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ክረምቱ አዘግይቶን የመጀመሪያው ምርጊት ያለቀው ጳጉሜን ላይ ነበር። እጃቸውን ታጥበው ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ልስኑስ አልኳቸው። ጭቃው የጥቅምት ፀሐይና ንፋስ ገብቶበት፣ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ እንደሚመለሱ ነገሩኝ።

«እስከ ኅዳር ልጠብቅ?»

«አንተ ባትጠብቅም ጭቃው ይጠብቃል» አሉኝ።

ፋብሪካዎቹ መስከረም ላይ ሰው እንደሚቀጥሩ ሰምቼ ነበር። ሽማግሌው በሄዱ በሳምንቱ ሌላ ሰው ጠርቼ አስለሰንኩት፣ ኖራ አስቀባሁት። ነጭ ሆኖ ሲያበራ በሳቸው ሳቅሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ለስንት ዓመት ተማሪ አስተምሬ፣ ለራሴ አንድ ቀን እንኳ አልሆነኝም።

አንዱን ክፍል የተከራዩት ከአሊዩ አምባ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። እሱ የጭነት መኪና ረዳት ስለሆነ አብዛኛውን ቀን መንገድ ላይ ነው። እሷ ፋብሪካ ተቀጥራለች፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላት በሬን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ግድግዳው ያልበዋል። የደጋ ቤት እንዲህ ነው እንዴ?»

«ብርዱ ነው፤ ትለምጂዋለሽ።»

ቆላ ያደገች ልጅ ስለ ብርድ ምን ታውቃለች ብዬ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ዕረፍት አጣሁ። ሥራ ስትወጣ ጠብቄ ግድግዳውን በውጭ በኩል እዳብሳለሁ። ስታስል እሰማለሁ፣ ተነሥቼ ግቢውን እዞራለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ፣ እንደገና ስታስል እሰማለሁ። ደርሼ እውነቱን ልነግራት እልና ስለ ውኃው መስመር አውርቻት እመለሳለሁ። ፈሪ ነበርኩ።

ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት የመስኮቷ ስንጥቅ በጨርቅ ተጠቅጥቆ አየሁ። ደስ ብሏት መድኃኒቱን እንዳገኘች ነገረችኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ በርና መስኮቱን ዘግታ ከሰል ልታነድ ነው። ምድጃው አልጋዋ አጠገብ ተሰናድቷል። የተዘጋ ቤት ከሰል ስንቱን በተኛበት እንዳስቀረ ደብረ ብርሃን ያደገ ሁሉ ያውቃል። ምድጃውን አንሥቼ ውጭ አወጣሁት።

«ብርዱ አይደለም» አልኳት። «ጭቃው ሳይደርቅ ነው ያከራየሁሽ። እያወቅሁ።»

አልጮኸችም። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«ብርዱ ነው ሲሉኝ እኮ አምኜዎት ነበር» አለች።

በዚያው ቀን እሷ ወደ እኔ ቤት፣ እኔ ወደ እሷ ክፍል ተዛወርን። ጠዋት ስነሣ ብርድ ልብሴ እርጥብ ነው፣ ትራሴ ሻጋታ ሻጋታ ይላል፣ ወገቤ አልቀና ይላል። ለጀማሪ ያለኝ ምክር ከዚያ አልጋ ላይ የመጣ ነው፦ ሳምንት ያላደራችሁበትን ቤት አታከራዩ። ኅዳር ላይ ሽማግሌው ተመልሰው ግድግዳውን ዳበሱት። ልስኑን በዶማ ይፍቁ ጀመር፤ እኔም ፍቅፋቂውን ስሸከም ከረምኩ።

ልጇን የወለደችው ታኅሣሥ ውስጥ ነው፤ የታረሰችውም እኔ ቤት ነው። ጥር ሲጋመስ ሁለቱም ክፍሎች ደረቁ፣ እንደገናም ተለሰኑ፤ እሷም ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ሁለተኛውን ክፍል ሊያይ አዲስ የተመደበ መምህር መጣ። ግድግዳውን አየት አድርጎ ደርቋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«ደርቋል» አልኩት።

እሷ ልጇን አዝላ በራፏ ላይ ቆማለች። ወደ እኔ ሳታይ ባዶው ክፍል ገባች። መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ዝቅ ብላ አልጋው የሚሆንበትን ጥግ ዳበሰች። መምህሩ እሷን ያያል። እኔ እንደ ተከሳሽ ቆሜ ጠበቅሁ።

«ደርቋል፤ ይግቡ» አለችው።

ቁልፉን ከእኔ ተቀብሎ እሷን አመሰገነ።