ከሀብሩ ማሳ ያነሣነው የአውሮፕላን ጅራት

ወልድያ ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ቀን ባሻ ይመር የተጨማደደ ፓራፋንጎ፣ የመኪና ጭቃ መከላከያ፣ እጄ ላይ ጣሉና «ቶሎ አትምታው። መጀመሪያ በጣትህ ዳብሰው፤ የት እንደታመመ ራሱ ይነግርሃል» አሉኝ። ዘመኑ የደርግ፣ ጋራዡም የመንግሥት ነበር። እኔ የመኪና ገላ የማቃና ጀማሪ የባቲላሜራ ሠራተኛ፣ እሳቸው የክፍሉ ኃላፊ።

ባሻ የመርሳ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ተጎድቶ እስኪሰናበቱ ድረስ አየር ኃይል ውስጥ የአውሮፕላን ገላ ሲጠግኑ ኖረዋል። መርሳ ቤታቸው መስኮት ላይ ከዘይት ጣሳ የሠሯቸው ትንንሽ የጥንት የጦር አውሮፕላኖች ተደርድረው ነበር። አንዳንዶቹ ድርብ ክንፍ አላቸው። አፍንጫቸው ላይ ያለውን መዘውር በጣት ቢነኩት ይሽከረከራል። ለምን እንደሚሠሯቸው ጠየቅኋቸው።

«እነዚህ ዛሬ የትም አይበሩም» አሉኝ። «ቅርጻቸውን የሚያውቅ ሰው ካለቀ ጨርሰው ጠፉ ማለት ነው።»

አንድ እሑድ በመኪና ከመርሳ በታች ወዳለው የሀብሩ ቆላ ይዘውኝ ወረዱ። በጣሊያን ጊዜ አንድ የጦር አውሮፕላን እዚያ ማሳ ላይ ወድቆ ነበር። ሰዉ አሉሚኒየሙን ቆራርጦ ድስት አሠርቶበታል። የተረፈው ጅራቱ ነው፤ እሱንም ሰይድ የሚባል ገበሬ የፍየል በረት መዝጊያ አድርጎታል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሰይድ።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ ባሻ። ዛሬም ለዚች ጅራት ነው የመጡት?»

«ዛሬስ ደህና በር ሠርቼልህ መጥቻለሁ» አሉት። ከበርሜል ቆርቆሮ የሠራነውን በር ከመኪናው ላይ አወረድን። ሰይድ በሩን ገፋ መለስ አደረገውና ሳቀ። «ወላሂ፣ ለሞተ ብረት እንዲህ የሚለፋ ሰው አላየሁም!» ጅራቱን ራሱ አሸክሞን ጫንነው።

ሥራው አድካሚ ነበር። ቀን የመኪና ገላ ስናቃና ውለን፣ ከሥራ ስንወጣ የጋራዡ ጓሮ ገብተን ጅራቱን እናቃናለን። የምንመታው በእንጨት መዶሻ ነው፤ የብረት መዶሻ አሉሚኒየሙን ይለጥጠዋል። ቆርቆሮውን የሚያያይዘውን የተበላ ሪቬት በትራፓኖ እየበሳን አውጥተን አዲስ መታንበት። ጎድጓዳ የሚሞላበት ስቱኮ የሚባል አላስነኩኝም። አንድ ቀን አሮጌውን ቀለም ላነሣ የብርጭቆ ወረቀት ስይዝ እጄን ቀጨም አደረጉኝ።

«ቀለሙን ተው! እሱን ከፋቅኸው የማንም ቆርቆሮ ነው።»

የጋራዡ ሥራ አስኪያጅ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ «መኪናው ተሰልፎ እርስዎ የጣሊያን ሬሳ ያስታምማሉ?» አላቸው።

«የዛሬዎቹ መኪኖች ወጥተዋል፣ ጓድ። ይህ የእረፍት ሰዓቴ ነው።» ሰውየው ዙሪያውን አየና ሄደ።

የመርሳ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ጅራቱ ግቢው ውስጥ እንዲቆም ፈቀደ። ልጆች የአውሮፕላን አሠራር ያዩበታል ብሎ ደስ አለው። የሚቆምበትን የሲሚንቶ መሠረት ሁለታችን ቆፍረን ሞላነው።

ጅራቱን ሳናቆም የደርግና የአማፂያኑ ጦርነት ወደ እኛ ተጠጋ። ገበያ በአውሮፕላን ተደበደበ። ሰዉ የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር ወደ ፈፋ የሚሮጥበት ጊዜ መጣ። የባሻ ጎረቤት ዘይነባ የበኩር ልጇን ያጣችው ያን ጊዜ ነው፤ ገበያ ፍየል ሊሸጥ እንደሄደ ቀረ።

ከቀብሩ በኋላ ባሻ ቤት ጅራቱን ከወልድያ እንዴት ጭነን እንደምናመጣው ስንነጋገር ዘይነባ መጣች። ተቀመጪ ብትባልም አልተቀመጠች።

«ጋሽ ይመር፣ አንቱን ክፉ አልልም። ልጄን አፈር ያለበሱት አንቱ ነዎት፣ አላህ ይስጥልኝ። ግን እነዚህ መስኮቱ ላይ ስላሉ በዚህ ማለፍ ትቼ በጓሮ ነው የምዞር። አሁን ደሞ ያን ትልቁን ጅራት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሊያቆሙት ነው አሉ። ትንሿ ልጄ እዚያ ነው የምትማር።»

«ይሄ የጥንት ነው፣ ዘይነባ» አሉ ባሻ ቀስ ብለው። «ያኛው አይደለም።»

«ለአንቱ የጥንት ነው። ለእኔ አውሮፕላን ነው።»

ባሻ ተነሡና ትንንሾቹን አውሮፕላኖች ከመስኮቱ ላይ አንድ በአንድ እያነሡ ሣጥን ውስጥ ከተቷቸው።

እሷ ስትወጣ እኔ ተናደድኩ። «ባሻ፣ ይህን ሁሉ ለፍተን?»

«ለፍተናል» አሉ። «በልጂቱ ፊት ግን አላቆመውም።»

ጅራቱን እርጥበት እንዳይበላው ግራሶ ቀብተን፣ በሸራ ሸፍነን፣ ጋራዡ መጋዘን ጥግ አስቀመጥነው። ብዙም ሳይቆይ ወልድያ ጦር ሜዳ ሆነች፤ ጋራዡ ተዘግቶ ሁላችንም ተበተንን። ስመለስ መጋዘኑ በር የለውም፤ ጅራቱም የለም። ለባሻ ስነግራቸው «ድስት ሆኖ ይሆናላ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን ልሥራ ብለው ጣሳ ቆርጠው አያውቁም። ሲሞቱ ዘይነባ ከቤተሰቡ እኩል ለቅሶ ተቀመጠች።

አሁን አሮጌ መኪናና አውሮፕላን የሚያድሱ፣ አምሳያውንም የሚሠሩ ወጣቶች እየመጡ ይጠይቁኛል። ብዙ ማውራት ይደክመኛል፤ የምላቸው ይህን ነው። ቀለሙን አትፋቁ። ሰው ፊት ከማቆማችሁ በፊት በዚያ የሚያልፈውን ሰው ጠይቁ። እሱ እምቢ ካለ ሸፍናችሁ አስቀምጡት።