የውስጠኛው ደረጃ

ሌን ክሮፐር በዕድሜው ሙሉ አንድ ሥራ ነበረው፤ ሌላው ጎል እንዳያገባ ማድረግ። ለከተማችን ክለብ፣ በአራተኛው ዲቪዚዮን፣ አምስት ቁጥር ለብሶ አሥራ አራት ዓመት የመሀል ተከላካይ ሆኖ ተጫወተ። በዚያ ሁሉ ዘመን ያገባው ሦስት ጎል ነው፤ አንዱን በገዛ ራሱ መረብ ላይ። ሰው በሠራው ይታወሳል ይባላል። እንዳይሆን ባደረገው ነገር የሚለካን ሰው ግን ማን ያስታውሰዋል? ሠላሳ ዓመት ሎጂክና ታሪክ አስተምሬ ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩትም።

ጎረቤቴ ነበር። በጓሯችን መካከል ያለው እስከ ደረት የሚደርስ የጡብ አጥር ብቻ ነው። የሚኖርበት ቤት ግን የክለቡ ነበር፤ ተጫዋቹ ሲሰናበት ቤቱንም ያስረክባል። ስለዚህ ውል የሚታደስበት ግንቦት በመጣ ቁጥር ሚስቱ ኤድና እንቅልፍ ታጣለች።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1969፣ በግንቦት፣ ሌን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። የግራ ጉልበቱ ከገና ጀምሮ አብጧል። ከጨዋታ በኋላ ሁሉም አብረው በሚታጠቡበት ትልቅ ገንዳ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፣ ከሁሉ በኋላ ይወጣል፤ ጭቃ የሆነው ውሃ ጉልበቱን ይሸፍንለታል። መንገድ ላይ ደረቱን ነፍቶ ይራመዳል። ጓሮው ሲገባ ግን ግድግዳ ይዞ ሲሄድ ከአንዴም ሁለቴ አይቼዋለሁ።

«ለማንም አልተናገርክም?» አልኩት አንድ ቀን በአጥሩ ላይ።

«ለማን ልናገር መምህር? ለአለቃው? ሞቻለሁ ብሎ በእግሩ ወደ ቀባሪ የሚሄድ አለ እንዴ?»

ውድድሩ ባለቀ በሳምንቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ተጫዋቾቹ ታችኛው ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። በማልያ ቁጥራቸው ተራ እየተጠሩ ፎቅ «አለቃው» ወደሚሉት አሠልጣኝ ቢሮ ይወጣሉ። ቢሮው ሁለት በር አለው። ውሉ የታደሰለት በመጣበት በውስጠኛው ደረጃ ተመልሶ ይወርዳል። የተሰናበተው በወዲያኛው በር፣ የክለቡ ሹሞች በሚገቡበት የድንጋይ ደረጃ፣ በቀጥታ ወደ መንገድ ይወጣል። ይህን በጽሑፍ ያሰፈረው የለም፤ ሰው በባልንጀሮቹ ፊት አንገቱን ደፍቶ እንዳያልፍ የታሰበ ርኅራኄ ነበር። ርኅራኄው ግን ራሱ ስቃይ ሆነ። ታች የቀሩት ጆሯቸውን ቀስረው ኮቴ ይጠብቃሉ።

የዚያን ዕለቱን ግብ ጠባቂው ዊልፍ በኋላ ነግሮኛል። እሱ ተጠርቶ ተመልሷል፤ የሌንን ነገር ሳያይ መሄድ አልሆነለትም። ሁለት ቁጥርም ተመለሰ። ሦስትና አራት ግን ወጥተው ቀሩ።

«ሽማግሌው፣ እጅህ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለው ዊልፍ።

«በርዶኝ ነው።»

«በግንቦት?»

«አንተስ ከማዕዘን ኳስ ሲሻማ ትንቀጠቀጥ የለ? ወር አትመርጥም።»

አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። ወዲያው «አምስት ቁጥር» የሚል ድምፅ መጣና ሳቁ ተቆረጠ።

ሌን አሥር ደቂቃ ያህል ቆየ። ከዚያ በውስጠኛው ደረጃ ኮቴ ተሰማ፤ ዝግ ያለ፣ እያንዳንዱን እርከን የሚመርጥ ኮቴ። ዊልፍ ዘሎ አቀፈው። ሌሎቹ ጀርባውን ደበደቡት። ሌን አፉን ከፈት አደረገ፤ ግን ስድስት ቁጥር ተጠራና ሁሉም ወደዚያ ዞሩ። ሌን በዚያው ወጣ።

በመንገዳችን ስልክ ያለው እኔ ቤት ብቻ ነበር። «መምህር» አለኝ ዊልፍ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «ለኤድና ይንገሩልኝ፤ በውስጠኛው ደረጃ ወርዷል።»

«ሌን ራሱ ምን አለ?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ምልክትና ነገሩ ራሱ ለየቅል ናቸው እያልኩ ስንት ተማሪ በፈተና ጥያለሁ። አልጠየቅኩም። የምሥራች ነጋሪ መሆን አማረኝ። ወደ አጥሩ ሄጄ፣ «ኤድና፣ ትቀጥላላችሁ» አልኳት።

የድንጋይ ከሰል ሣጥኑ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። ከዚያ ብድግ ብላ አንድ የእንጨት ሣጥን ከውስጥ አወጣች። «ለሌን እንዳይነግሩብኝ» አለችኝ። «ከፋሲካ ጀምሮ ተደብቄ ዕቃ ሳሽግ ነበር።» ሳህኖቹን ከተጠቀለሉበት ጋዜጣ እየፈታች በኩሽናው ደፍ ላይ ትደረድር ጀመር።

ሌን ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመጣ እኔ ገና አጥሩ ጋ ነበርኩ። ከተማውን ሲዞር ቆይቷል።

«ሰምቻለሁ የኔ ጌታ» አለችው። «ና ተቀመጥ።»

«ምን ሰማሽ?»

«መምህር ነገሩኝ። ዊልፍ ደውሎላቸው።»

ዞሮ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ኳሱ እንዳለፈውና እንደማይደርስበት ያወቀ ተከላካይ ዓይን ነበር።

«ኤድና» አላት፣ «አሰናብቶኛል።»

የያዘችው ሳህን ይወድቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልወደቀም። ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«በውስጥ ነው የወረደው አሉኝ እኮ።»

«በውስጥ ነው የወረድኩት።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግልህ?»

«የወዲያኛው ደረጃ መደገፊያ የለውም» አለ። «አፋፉ ላይ ቆሜ አየሁት። አለቃው ከኋላዬ ሆኖ ያየኛል። ቁልቁል እዚያ ድረስ በዚህ እግር... አልቻልኩም። ‹በዚህኛው ውረድ ሌን› አለኝ፣ እንደ አሮጊት ቆጥሮ። ታች ስደርስ ዊልፍ አቀፈኝ። ልነግራቸው ነበር። እንደዚያ ደስ ብሏቸው ሳይ ምላሴ ታሰረ።»

«ቤቱንስ እስከ መቼ ሰጡን?»

«እስከ ሰኔ መጨረሻ።»

«የት ነው የምንሄደው?»

«አላውቅም።»

«ኤድና፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ።

«ተዉት መምህር» አለችኝ ሳትቆጣ። «አንድ ሰዓት ሙሉ ቤት ነበረኝ።»

ይቅርታ ይሁን ፍርድ፣ ይኸው ሰማንያ ተሻግሬም አልለየሁትም። እንግዲህ ወደ ቤቴ ልግባ ብዬ አሰብኩ፤ ግን አጥሩን ተደግፌ ቀረሁ። ሌን የእንጨት ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠና ያበጠውን እግሩን በፊቴ ቀጥ አድርጎ ዘረጋው። ኤድና የተጨማደደውን ጋዜጣ በመዳፏ እየዳመጠች አቀበለችው።

«ትንንሾቹን አስቀድሚ» አላት። እሷ ሳህን ትሰጠዋለች፣ እሱ መልሶ ይጠቀልላል።