አክስቴ የተወችው ቃል

ይህን ስጽፍ የሚያስቆመኝ እጅ የለም።

የአያቴ ዓይን ከደከመ ወዲህ አርብ አርብ ከኮምቦልቻ ደሴ እየወጣሁ የጻፍኩትን ታሪክ አነብላቸው ነበር። ቃሉ ካልጣማቸው መዳፋቸውን ከፍ አድርገው ያስቆሙኛል።

«‹ሄደ› ነው ያልሽው? አዘገመ ወይስ ገሰገሰ? ወይስ ሾለከ? ወላሂ፣ እኔ ሰውየውን አላየሁትም።»

የሌላ ደራሲ ሥራ ሳነብላቸውም ያው ነበሩ። «የተወውን ቃል ካላወቅሽ የመረጠው አይገባሽም» ይሉኛል። በየሳምንቱ አዲስ ቃል ያስጠኑኝ የነበረው ለዚሁ ነው። እውነትም ቃል በጨመርኩ ቁጥር የማነበው ታሪክ ውስጥ ክፉ ነገር ሲመጣ ገና ከሩቁ ይታወቀኝ ጀመር።

ባለፈው ክረምት ታመሙ። አንድ ማለዳ አክስቴ ደውላ «ቶሎ ነይ» አለችኝ። ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲይዝ ጭጋጉ መንገዱን ዋጠው፤ ሹፌሩ መብራት አብርቶ ያዘግም ጀመር። ስልኬ እንደገና ጠራ።

«የት ደረስሽ?» አለችኝ አክስቴ።

«ሐረጎ ላይ ነኝ። እንዴት ናቸው?»

«ቀስ ብለሽ ነይ፣ እሺ?» አለች።

ማለዳ ያለችኝን «ቶሎ»ን ትታዋለች።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ፊቴን አይተው፣ «ምነው ልጄ፣ ምን አሉሽ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ኧረ ምንም አላሉኝም» አልኳቸው። መዳፌ ግን ሳላውቀው ከፍ ብሎ ነበር፤ ልክ እንደ አያቴ፣ ንባቡ እዚያው ላይ እንዲቆምልኝ።