ከበሩ ጀርባ ያለው የአባቴ እጅ

"ይህ ከመቶ ዓመት በፊት ቤቱን የሠራው ሰው የመዳፍ አሻራ ነው!" አለ አስጎብኚው። አባቴ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ዛሬ እንጦጦ ነበርን፤ አሮጌዎቹ ቤቶች ሙዚየም የሆኑበት ግቢ። አባቴ የቀበና ጭቃ መራጊ ነው። ቤቶቹ ባለፈው ዓመት ሲታደሱ፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቶ ይህን ግድግዳ የመረገው እሱ ነው። አስጎብኚው ከእድሳቱ በኋላ የተቀጠረ ልጅ ነው፤ በምን ይወቅ?

አባቴ ሥራ ሲጨርስ አንድ ልማድ አለው። ከበር ጀርባ፣ እርጥቡ ምርጊት ላይ መዳፉን ያሳርፋል። (ኩሽናችን ውስጥም አለች፤ እናቴ እስከ ዛሬ ትቆጣለች።)

"ልጄ፣ እሱ እንኳ የእኔ ነው" አለው አስጎብኚውን።

"አባባ፣ እባክዎ ግድግዳውን አይንኩ።"

አባቴ እጁን አሻራው ላይ ገጠመው። ጫፏ የተቆረጠችው ሌባ ጣቱ ሳትቀር ልክ ቦታዋ ላይ ገባች።

አስጎብኚው ክው አለ። ቀጥለው ለገቡት ጎብኚዎች ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ይህን ግድግዳ የመረጉት እኚህ አባት ናቸው!" አላቸው።

ፎቶ ሲነሳ ያቺን እጁን ኪሱ የሚከተው አባቴ፣ ዛሬ ወደ ካሜራው ዘረጋት።

እናንተስ? የእናት የአባታችሁ እጅ ያረፈበት፣ ስማቸው ግን ያልተጻፈበት ቤት የት ነው? ንገሩኝ፣ ሄጄ አየዋለሁ።